እችላለሁ ባይነት በልምምድ ይገነባል

ከሰሜን ወሎ ዞን ራያ ቆቦ ወረዳና ከቆቦ ከተማ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚያመሩ ወጣቶች ባለፉት ዓመታት ትምህርታቸው በተደጋጋሚ የተቋረጠባቸው ናቸው። ከፍተኛ ትምህርት ተቋም ሲደርሱ የሚገጥማቸው የዕውቀት ክፍተት በቀላሉ ይታያል፤ በመጻሕፍትና በማካካሻ ትምህርትም ሊሞላ ይችላል። "ይህን ትምህርት እወጣው ይሆን?" የሚለው ጥርጣሬ ግን በውጤት መግለጫ ላይ ተለይቶ አይጻፍም። ብዙ ጊዜ ተማሪውን መጽሐፉን ገና ሳይገልጥ ተስፋ የሚያስቆርጠው ይኸው ጥርጣሬ ነው።

በሥነ ልቦና ሳይንስ ጉዳዩ በሁለት ጽንሰ ሐሳቦች ይተነተናል። አንደኛው በራስ ችሎታ ማመን ወይም እችላለሁ ባይነት ሲሆን፣ ሁለተኛው የራስንና የሌሎችን ስሜት የመረዳትና የመግራት ችሎታ፣ ማለትም የስሜት ብልህነት ነው። ሁለቱም ሰው ሲወለድ ይዟቸው የሚመጣ ጸጋዎች ብቻ ሳይሆኑ በልምምድ የሚዳብሩ ችሎታዎች ናቸው። በመሆኑም ትምህርታቸው ተቋርጦባቸው ለቆዩ ወጣቶች ሊደረግ የሚገባውን እገዛ ለመረዳት እነዚህ ሁለት ችሎታዎች እንዴት እንደሚገነቡና እንዴት እንደሚሸረሸሩ ማወቅ ይገባል።

በየክፍሉ የተቋረጠ ትምህርት

የቆቦ ከተማ ከወልድያ በስተሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በምሥራቅ በኩል የዞብል ተራሮች በሚያዋስኑት ሰፊ ሜዳ ላይ ትገኛለች። አካባቢው በማሽላና በጤፍ አምራችነቱ፣ በቆቦ ጊራና ሸለቆ ደግሞ የከርሰ ምድር ውሃን በመጠቀም በሚካሄደው የመስኖ ልማት ይታወቃል። ይሁንና ድርቅ በየጊዜው የሚፈትነው፣ በቅርብ ዓመታት ደግሞ በጦርነት ክፉኛ የተጎዳ ቆላማ አካባቢ ነው።

በ2012 ዓ.ም ቆቦ ላይ የዘጠነኛ ክፍል ትምህርቱን የጀመረ አንድ ተማሪ ያለፈበትን መንገድ መቃኘት የችግሩን ስፋት ያሳያል። የኮሮና ወረርሽኝ በመከሰቱ በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር በመላ አገሪቱ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። አሥረኛ ክፍል በነበረበት በ2013 ዓ.ም መባቻ የበረሃ አንበጣ በአካባቢው ማሳዎች ላይ ጉዳት አደረሰ፤ በጥቅምት ወር በትግራይ የተጀመረው ጦርነትም ተስፋፍቶ በዓመቱ መጨረሻ ወደ ቆቦና ወልድያ ዘለቀ። አካባቢው እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም ድረስ በሕወሓት ኃይሎች ቁጥጥር ሥር ሲቆይ ትምህርት ቤቶች፣ የጤና ተቋማትና ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ጭምር ዘረፋና ውድመት ደረሰባቸው። ተማሪው 11ኛ ክፍልን ካጠናቀቀ በኋላ፣ በነሐሴ 2014 ዓ.ም ጦርነቱ ሲያገረሽ ቆቦ ዳግም የውጊያ ቀጣና ሆነች። በጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም የፕሪቶሪያው የሰላም ስምምነት ሲፈረም ተማሪው 12ኛ ክፍል ደርሷል። በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ ደግሞ በአማራ ክልል የተፈጠረው የጸጥታ ችግር ለተከታዮቹ ተማሪዎች ሌላ መስተጓጎል አስከተለ።

በእነዚህ ዓመታት ብሔራዊ የፈተና ሥርዓቱም ተለውጧል። የ2014 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ፈተና ኩረጃን ለመከላከል ሲባል በ2015 ዓ.ም መጀመሪያ በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ተሰጠ። በአገር አቀፍ ደረጃ ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3 ነጥብ 3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህ አኃዝ በ2015 ዓ.ም 3 ነጥብ 2፣ በ2016 ዓ.ም 5 ነጥብ 4፣ በ2017 ዓ.ም ደግሞ 8 ነጥብ 4 በመቶ ሆኗል። ውጤቱ መሻሻል ቢታይበትም፣ ከ100 ተፈታኞች ከ90 የሚበልጡት "አላለፍኩም" የሚል ቃል ይዘው ወደ ቤታቸው የሚመለሱበት ሁኔታ በወጣቱ አስተሳሰብ ላይ የሚያሳድረው ተጽዕኖ ቀላል አይደለም።

እችላለሁ ባይነት ምንድን ነው?

በራስ ችሎታ ማመንን በሳይንሳዊ መንገድ ያብራሩት በካናዳ ተወልደው በአሜሪካ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዘመን ያስተማሩት የሥነ ልቦና ሊቅ አልበርት ባንዱራ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተሙት ጽሑፍ አንድ ሰው አንድን ተግባር ለመጀመር የሚወስነው፣ ችግር ሲገጥመውም የሚጸናው በችሎታው ላይ ባለው እምነት መጠን መሆኑን አስረድተዋል። ባንዱራ እ.ኤ.አ. በ2021 ከዚህ ዓለም በሞት ቢለዩም ንድፈ ሐሳባቸው ዛሬም በትምህርት ጥናት ዘርፍ በስፋት ይሠራበታል።

እዚህ ላይ ሊሰመርበት የሚገባው ቁም ነገር እችላለሁ ባይነት ከተግባር ተግባር የሚለያይ መሆኑ ነው። በክረምት ከተራራ የሚወርደውን ደራሽ ጎርፍ በሌሊት ጠልፎ ወደ ቤተሰቡ ማሳ የሚመራ የራያ ወጣት በዚያ ሥራ ላይ ጥርጣሬ የለበትም። ይኸው ወጣት በሒሳብ ክፍል ውስጥ እጁን ለማውጣት ሊፈራ ይችላል። ይህ ማለት ወጣቱ በተፈጥሮው ፈሪ ነው ማለት አይደለም። በአንደኛው ሥራ ሞክሮ የተሳካለት በርካታ ጊዜ ሲሆን፣ በሌላኛው ግን ይህን ዕድል አላገኘም ማለት ነው።

የእምነቱ አራት ምንጮች

በባንዱራ ትንታኔ መሠረት በራስ ችሎታ ማመን ከአራት ምንጮች ይቀዳል።

የመጀመሪያውና ከሁሉም የበለጠ ኃይል ያለው ሰው በራሱ ጥረት ሠርቶ ያገኘው ውጤት ነው። ባንዱራና ዴል ሹንክ የተባሉት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1981 በሒሳብ ትምህርት ወደኋላ በቀሩ ሕጻናት ላይ ያካሄዱት ሙከራ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ሕጻናቱ 42 ገጽ የቅነሳ መልመጃዎች በሰባት ክፍለ ጊዜ እንዲሠሩ ተሰጣቸው። ለአንደኛው ቡድን በእያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ ስድስት ገጽ የመጨረስ ግብ ሲቀመጥለት፣ ለሌላው ቡድን ግን በመጨረሻ 42ቱንም ገጽ የመጨረስ ግብ ብቻ ተነገረው። ሥራው አንድ ዓይነት ቢሆንም፣ በትናንሽ ግቦች የተጓዙት ሕጻናት በችሎታቸው ላይ የነበራቸው እምነትም፣ ለሒሳብ ያላቸው ፍላጎትም፣ ውጤታቸውም በልጦ ተገኝቷል። ለምን ቢባል በየዕለቱ "ጨረስኩ" የሚሉት ነገር ስለነበራቸው ነው።

ሁለተኛው ምንጭ የአምሳያ ሰው ምሳሌነት ነው። ሰው "እርሱ ከቻለ እኔም እችላለሁ" የሚለው ራሱን የሚመስል ሰው ሲሳካለት ሲያይ ነው። ከጎብዬ ወይም ከሮቢት ለመጣ ተማሪ በአዲስ አበባ የግል ትምህርት ቤት የተማረ ጓደኛው ያገኘው ከፍተኛ ውጤት ብዙም ላያበረታታው ይችላል። ከዚያው ከሮቢት መጥቶ፣ በዚያው ጦርነት አልፎ ሦስተኛ ዓመት የደረሰ ተማሪ ግን ሕያው ማስረጃ ይሆንለታል።

ሦስተኛው የሚታመን ሰው ማበረታቻ ነው። ይሁን እንጂ ሥራን ያልተመለከተ ባዶ ውዳሴ ተማሪው በመጀመሪያው ፈተና ሲወድቅ ወዲያው ይፈርሳል። "ጎበዝ ነህ" ከሚል መምህር ይልቅ "ሦስተኛውን ደረጃ በትክክል ሠርተኸዋል፤ የተሳሳትከው እዚህ ላይ ነው" የሚል መምህር የተሻለ እምነት ይገነባል። በአንጻሩ ደግሞ ተስፋ የሚያስቆርጥ አንድ ቃል ለብዙ ጊዜ የተገነባን እምነት በአጭር ጊዜ ሊሸረሽር ይችላል።

አራተኛው ምንጭ የአካልና የስሜት ሁኔታ ነው። በፈተና አዳራሽ ልቡ ሲመታ፣ እጁ ሲያልበው የሚሰማው ተማሪ ይህን የችሎታ ማነስ ምልክት አድርጎ ከወሰደው እምነቱ ይቀንሳል። አካሉ ለሥራ መዘጋጀቱን የሚያመለክት መሆኑን ከተረዳ ግን ትንፋሹን ሰብስቦ ጥያቄውን ማንበብ ይጀምራል።

በእነዚህ አራት ምንጮች አኳያ ሲታይ በራያ ቆላማ አካባቢ የደረሰው ጉዳት ከሕንጻ መፍረስና ከመጽሐፍ መጥፋት የዘለለ መሆኑ ግልጽ ይሆናል። የተጀመረ የትምህርት ዓመት ሳይጠናቀቅ ሲቀር ተማሪው "ጨረስኩ" የሚልበት ዕድል ይነጠቃል። ዕድሜ አቻዎቹ ትምህርታቸውን አቋርጠው በጅቡቲና በየመን በኩል ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ለመሻገር ሲነሱ በቅርቡ የሚያያቸው የትምህርት ምሳሌዎች ይመነምናሉ፤ ስደቱ ብቸኛው መንገድ መስሎ ይታየዋል። መምህራን በጦርነት ሲፈናቀሉ የሚታመን የማበረታቻ ቃል ይጠፋል። የተኩስ ድምፅ የለመደ አካል ደግሞ በሰላም ጊዜም በትንሽ ድምፅ ይደነግጣል። ስለሆነም የእነዚህ ወጣቶች ጥርጣሬ የስንፍና ምልክት ሳይሆን ምንጮቹ በአንድ ጊዜ የደረቁበት ሰው የሚያሳየው ተፈጥሯዊ ምላሽ ነው። የደረቀውን ምንጭ መልሶ ማፍለቅም ይቻላል።

የስሜት ብልህነት ድርሻ

የስሜት ብልህነት የሚለውን ጽንሰ ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1990 በሳይንሳዊ ጽሑፍ ያስተዋወቁት ፒተር ሳሎቪ እና ጆን ሜየር የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ምሁራን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1995 ዳንኤል ጎልማን ያሳተሙት መጽሐፍ ደግሞ ጉዳዩ በዓለም ዙሪያ በሕዝብ ዘንድ እንዲታወቅ አድርጓል። ሳሎቪና ሜየር ችሎታውን በአራት ይከፍሉታል። እነዚህም ስሜትን መለየት፣ ስሜትን ለአስተሳሰብ መጠቀም፣ የስሜትን መነሻና ለውጥ መረዳት እንዲሁም ስሜትን መግራት ናቸው።

ለአብነት አንድ የአንደኛ ዓመት ተማሪ በመጀመሪያው የሒሳብ ፈተና ከ20 ነጥብ ስድስት ቢያገኝ ምን ሊሰማው እንደሚችል እንመልከት። በደፈናው "ከፋኝ" ብሎ ካለፈ ከመኝታ ክፍሉ ላይወጣ ይችላል። ስሜቱን ለይቶ ካየው ግን ኀፍረት፣ ንዴት ወይም ፍርሃት ሊሆን እንደሚችል ይረዳል። ኀፍረት ከጓደኞች እንዲሸሽ ይገፋፋል፤ ንዴት መምህሩን እንዲወቅስ ያደርጋል፤ ፍርሃት ደግሞ በአግባቡ ከተያዘ ለቀጣዩ ፈተና ቀድሞ እንዲያነብ ሊያነሳሳ ይችላል። የትኛው እንደተሰማው ያወቀ ተማሪ ቀጥሎ ማድረግ ያለበትን ለመምረጥ አይቸገርም።

የስሜት ብልህነት ከትምህርት ውጤት ጋር ያለውን ግንኙነት በተመለከተ በአውስትራሊያ ሲድኒ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ በካሮሊን ማክካን የተመራ ቡድን ከ160 በላይ ጥናቶችን አሰባስቦ መርምሯል። ጥናቶቹ በ27 አገሮች የሚገኙ ከ42 ሺህ በላይ ተማሪዎችን ያካተቱ ናቸው። በውጤቱም ከፍ ያለ የስሜት ብልህነት ያላቸው ተማሪዎች የተሻለ ውጤት እንደሚያመጡ ታውቋል፤ ይህም የማሰብ ችሎታና ትጉህነት ከግምት ገብተው እንኳ የሚታይ ልዩነት ነው። ተመራማሪዎቹ ለዚህ ከሰጧቸው ምክንያቶች መካከል እነዚህ ተማሪዎች የፈተና ጭንቀትን፣ መሰላቸትንና በውጤት ማዘንን መቋቋም መቻላቸው እንዲሁም ከመምህራንና ከጓደኞቻቸው ጋር መልካም ግንኙነት መመሥረታቸው ይገኙበታል።

ይሁንና ግንኙነቱ መጠነኛ እንጂ እጅግ የጎላ አለመሆኑም መታወቅ አለበት። የስሜት ብልህነት ከዕውቀት ይበልጣል የሚለው በአንዳንድ የማነቃቂያ መድረኮች የሚነገር አባባል በዚህ ጥናት አይደገፍም። መጽሐፉን ያላነበበ ተማሪ ስሜቱን ስለገራ ብቻ ፈተና አያልፍም። የስሜት ብልህነት ጥቅሙ ከውድቀት በኋላ ወደ መጽሐፉ የሚመለስበትን ጉልበት ማስገኘቱ ላይ ነው።

በአካባቢው ያለ ነባር ዕውቀት

ቃሉ ከውጭ ቢመጣም ቁም ነገሩ ለወሎና ለራያ ሕዝብ እንግዳ አይደለም። በወሎ አበጋሮች፣ በራያ ደግሞ ዘወልድ በሚባለው ባህላዊ ሥርዓት ሽማግሌዎች የተጣሉትን ሲያስታርቁ፣ ደም ሲያደርቁ ኖረዋል። ሽማግሌ ቁጣው ገና ያልበረደለትን ሰው ለፍርድ አያጣድፍም፤ ግራ ቀኙን በየተራ ያዳምጣል፤ የተበደለውን ኀዘን በቃል ገልጾ እውቅና ይሰጠዋል። ስሜትን መለየት፣ መረዳትና መግራት ማለትም ከዚህ የተለየ ነገር አይደለም። አማርኛ፣ ትግርኛ፣ ኦሮምኛና አፋርኛ ተናጋሪዎች በሚገናኙበት በዚህ አካባቢ ያደገ ወጣት የሌላውን ሁኔታ አይቶ የመናገር ልምድ አለው። ከየአቅጣጫው የመጡ ተማሪዎች በአንድ መኝታ ክፍል በሚኖሩበት ዩኒቨርሲቲ ይህ ልምድ ትልቅ ሀብት ነው።

የአርሶ አደሩ አሠራርም እንዲሁ ትምህርት ይሰጣል። በራያ ሜዳ በበልግ የተዘራ ማሽላ ዝናብ ቀርቶበት ሲመክን አርሶ አደሩ "እኔ ማረስ አልችልም" አይልም። ክረምቱን ጠብቆ ማሳውን ይገለብጥና ቶሎ የሚደርስ ማሽላ፣ ጤፍ ወይም ሽምብራ ይዘራል። ውድቀቱን ከራሱ ማንነት ጋር ሳያያይዝ ዘሩንና ጊዜውን ይለውጣል። ተማሪም በአንድ ፈተና ሲወድቅ ሊጠይቅ የሚገባው የአጠናን ዘዴውን እንጂ ሰውነቱን አይደለም።

ዩኒቨርሲቲዎች ምን ሊያደርጉ ይገባል?

በ2012 ዓ.ም የአንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርት በዩኒቨርሲቲዎች እንደገና ሲጀመር "ጠቅላላ ሥነ ልቦናና የሕይወት ክህሎት" የተሰኘ ኮርስ ተካቷል። ኮርሱ ራስን ማወቅን፣ በራስ መተማመንን፣ ቁጣን መቆጣጠርን፣ የስሜት ብልህነትን፣ ጭንቀትን መቋቋምን፣ የጊዜ አጠቃቀምንና የፈተና ፍርሃትን የሚመለከቱ ርዕሶችን ይዟል። ይህ በጎ ጅምር ነው። ነገር ግን ትርጉሙ በቃል ተጠንቶ በምርጫ ጥያቄ የሚፈተን ብቻ ከሆነ ተማሪው ስለ ክህሎቱ ያውቃል እንጂ ክህሎቱን አያገኝም። በመሆኑም ኮርሱን በቡድን ውይይት፣ በአቀራረብ ልምምድና በሳምንታዊ የጥናት ዕቅድ አስደግፎ መስጠት ያስፈልጋል።

ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ የተዘረጋው የማካካሻ ወይም ሪሚዲያል መርሐ ግብርም በዚሁ መነጽር ሊታይ ይገባዋል። የማለፊያ ውጤት ሳያመጡ ቀርተው በዚህ መርሐ ግብር የሚገቡ ተማሪዎች "ሪሚዲያል" የሚለውን ስም እንደ ጉድለት ማኅተም ሊቆጥሩት ይችላሉ። ይሁን እንጂ መርሐ ግብሩን ፈተናውን አልፎ ያጠናቀቀ ተማሪ ከአራቱ ምንጮች የመጀመሪያውን፣ ማለትም በራስ ጥረት የተገኘን ውጤት ጨብጧል። መምህራን ይህን ማስረጃ ለተማሪው በግልጽ ሊያሳዩት ይገባል። በሐምሌ 2015 ዓ.ም ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠው የመውጫ ፈተናም ተመራቂዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ እንዲያመጡ ስለሚጠይቅ፣ ተማሪዎች ከአንደኛ ዓመት ጀምረው በትናንሽ ግቦች መዘጋጀትን ሊለምዱ ይገባል።

ለዚህም ብዙ ወጪ የማይጠይቁ አሠራሮች አሉ። ከአንድ ወረዳ የመጡ ነባርና አዲስ ተማሪዎችን በጥናት ቡድን ማገናኘት የአምሳያ ሰው ምሳሌነትን ያጠናክራል። በሴሚስተሩ መጀመሪያ ሳምንታት አጫጭር ፈተናዎችን ሰጥቶ ስህተቱን ከተማሪው ጋር ማረም ውድቀት ገና ሳይከብድ ለማስተካከል ያስችላል። ተማሪው በበኩሉ "በዚህ ሴሚስተር ጎበዝ እሆናለሁ" ከሚል ምኞት ይልቅ "ዛሬ ማታ አምስት ጥያቄ እሠራለሁ" የሚል ግብ ቢያስቀምጥ፣ የሠራውንም በደብተሩ ቢመዘግብ ማታ ላይ የሚቆጥረው ነገር ይኖረዋል። ወላጆችም ስልክ ሲደውሉ ውጤትን ብቻ ከመጠየቅ ይልቅ "ምን ከበደህ? ማንን ጠየቅህ?" ቢሉ ልጃቸው ችግሩን እንዳይደብቅ ያግዙታል።

በሌላ በኩል ምክርና ልምምድ ብቻ የማይበቃቸው ተማሪዎች መኖራቸው ሊዘነጋ አይገባም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ግምት በግጭት ውስጥ ባለፉ አካባቢዎች ከሚኖሩ አምስት ሰዎች አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር ይገጥመዋል። እንቅልፍ የሚነሳው፣ ያየው ነገር ደጋግሞ የሚመላለስበት ወይም ለረጅም ጊዜ ከሰው የሚሸሽ ተማሪ "በራስህ ተማመን" ሊባል ሳይሆን ወደ ተማሪዎች የምክር አገልግሎትና ወደ አእምሮ ጤና ባለሙያ ሊመራ ይገባል። ዕርዳታ መጠየቅም ራስን የማወቅ ምልክት እንጂ የድክመት መገለጫ አይደለም።

እንዲሁም በራስ ማመን የቤተ ሙከራ፣ የመጽሐፍና የመምህር ምትክ ሊሆን አይችልም። በሰሜን ወሎ የተጎዱ ትምህርት ቤቶችን መልሶ የመገንባቱና በግብዓት የማሟላቱ ሥራ ሳይጠናቀቅ ኃላፊነቱን ሁሉ በተማሪው ትከሻ ላይ መጣል ፍትሐዊ አይሆንም። ከሁሉም በላይ የተጀመረ የትምህርት ዓመት ሳይቋረጥ እንዲጠናቀቅ ሰላም ያስፈልጋል። ተማሪው "ጨረስኩ" ሊል የሚችለው የሚጨርሰው ነገር ሲኖር ነውና።

ባጠቃላይ የራያ ቆቦ ወጣቶች በራሳቸው እንዲያምኑ የሚያደርጋቸው በአዳራሽ የሚሰማ የአንድ ቀን ማነቃቂያ ንግግር አይደለም። ሠርተው የሚጨርሱት ሥራ፣ የሚመስላቸው ቀዳሚ፣ እውነቱን የሚነግራቸው መምህርና ስሜታቸውን የሚያዳምጥ ሰው ሲያገኙ እምነቱ ቀስ በቀስ ይመለሳል። ይህን ሁኔታ ማመቻቸት የትምህርት ቤቶች፣ የዩኒቨርሲቲዎች፣ የወላጆችና የአካባቢው ሽማግሌዎች የጋራ ኃላፊነት ሲሆን፣ የዕለቱን ትንሽ ድርሻ ሠርቶ ማደር ደግሞ የተማሪው የራሱ ፋንታ ነው።